ከየቡ እስከ ድሬዳዋ

ኢንስፔክተር ውብነሽ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠጠሩን በአውራ ጣቷ ወደ ጠርዙ ትገፋለች። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ጅማን ከጠዋት ጀምሮ ስታቃጥል የዋለችው ፀሐይ ድንገት ጠፍታ፣ ከምዕራብ የመጣ ጥቁር ደመና በከተማው ላይ ተንጠልጥሏል። አይዘንብም፤ አይሄድም።

ስልኳ ጠራ። ሳጅን አኒስ ነበር።

«ኢንስፔክተር፣ የቡ ይምጡ። ቡና ነጋዴው አቶ ወልደሰማያት ሞተው ተገኙ። እዚሁ ጣቢያቸው፣ ማጠቢያ ገንዳው ውስጥ።»

«ሰጥመው ነው?»

«ማጅራታቸው ተመቷል። ገዳዩ ተይዟል።»

«ገዳዩን ከያዛችሁ እኔ ምን ልሠራ? ምስሬን ልልቀም።»

አኒስ ጉሮሮውን ጠረገ። «የተያዘው ሸኩር የሚባል ጎረቤት ገበሬ ነው። ኮማንደሩ ሰኞ ጠዋት ፋይሉ ለዐቃቤ ሕግ ይሂድ ብለዋል። ግን ሰውየውን አየሁት፤ ከሌሊት ጀምሮ የለበሰው ነው ይላሉ፣ ልብሱ ደረቅ ነው። ገንዳው ዳር ደግሞ ሁሉ ነገር በውሃ ተረጭቷል።»

ውብነሽ ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀምጣ ተነሳች።

ጣቢያው ከየቡ ከተማ ወጣ ብሎ ጅረት ዳር ነው። አንድ መፈልፈያ ማሽን፣ ሁለት የሲሚንቶ ገንዳ፣ ከገንዳዎቹ ከፍ ብሎ በእንጨት እግር የቆሙ ማድረቂያ አልጋዎች አሉት። ለቀማው ሊያልቅ ስለተቃረበ ቡና ያለባቸው ሦስት አልጋዎች ብቻ ነበሩ። ሦስቱም አረንጓዴ የጥላ መረብ ለብሰዋል። ከጅረቱ የተነሳው ጉም በአልጋዎቹ እግር መሃል ይሳባል። የበሰበሰ የቡና ልጣጭ ሽታ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል።

ሬሳው ከገንዳው ወጥቶ በሸራ ተሸፍኗል። ከጎኑ ቡና መግፊያው እንጨት ወድቋል። የጤና ባለሙያው እጁን እየጠረገ መጣ።

«ዛሬ ነው የሞቱት። ሰዓቱን ግን አይጠይቁኝ፤ ቀዝቃዛው ውሃ ወስዶታል።»

ሠራተኞቹ አጥሩ ሥር ተኮልኩለዋል። የኤንትሬው ጭነት መኪና ሾፌር ሙርሺድ ከመሃላቸው ተነሳ፤ ቀጭን፣ የሠርግ ሸሚዙን ያላወለቀ ሰው ነው።

«ትናንት ማታ ሁላችንም ሰቃ ሄድን። የማሽን ሠራተኛችን ሠርግ ነበር። ጋሽ ወልዴ ‹ቡናውን እኔ እጠብቃለሁ› ብለው ዘበኛውን ሳይቀር ላኩት። ዐሥር ሰዓት ላይ ስንመለስ ገንዳው ውስጥ አገኘናቸው። እስከ ቀትር ግን በሕይወት ነበሩ።»

«እስከ ቀትር በሕይወት ነበሩ ያላችሁት በምንድን ነው?»

«መረቡ አለ አይደል። ማታ ቡናው ላስቲክ ይለብሳል፣ ለጤዛው። ጠዋት ይገለጣል። ፀሐይ ስትበረታ፣ ስድስት ሰዓት አካባቢ፣ እንዳይሰነጠቅ መረብ ይለብሳል። እሳቸው ካልሆኑ ማን አለበሰው? ጅኒ?»

«ሸኩርስ?»

«ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከዚህ በር ሲወጣ ባለባጃጅ አይቶታል። እየተራገመ ነበር አሉ።»

ውብነሽ ወደ አልጋዎቹ ወጣች። የሊሙ ልጅ ናት፤ እናቷ በእንዲህ ያሉ አልጋዎች ዙሪያ ስትውል ከሥር ተቀምጣ ነው ያደገችው። የመረቡን ጫፍ አነሳች። ቡናው በአልጋው መሃል ለመሃል እንደ ረጅም የበሬ ጀርባ ተከምሯል። እጇን እስከ አንጓዋ አስገባች። ላዩ ደርቋል። ውስጡ እርጥብና ቀዝቃዛ ነበር። ሁለተኛውን አየች፤ ሦስተኛውንም። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

የአልጋ ሠራተኞቹ አለቃ ባህሪያ ከኋላዋ ቆማ ነበር፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«እህቴ፣ ቡናውን ላንሳው? ይበላሻል እኮ።»

«አንድም ሰው እንዳይነካው። አኒስ፣ ሦስቱንም ፎቶ አንሳ፤ መረቡ እንዳለ፣ ከዚያ ተገልጦ። እስከ ሰኞ ጠባቂ ይቁምበት። መጋዘኑ የትኛው ነው?»

መጋዘኑ ተቆልፏል። ባህሪያ ከወገቧ ቁልፍ ፈትታ ከፈተችው። የሌሊቱ ላስቲክ ተጣጥፎ ጥግ ላይ ተጥሏል። ውብነሽ ጫፉን ስታነሳ ከእጥፋቱ ውሃ ወርዶ ጫማዋ ላይ ፈሰሰ።

«እንዲህ ነው የምታጥፉት?»

«ላኪ፣ በፍጹም። እርጥቡን ማን ያጥፋል? አጥሩ ላይ እናሰጣዋለን እንጂ። ይሻግታል።»

«ቁልፉ ስንት ነው?»

«ሦስት። የኔ ሰቃ አብሮኝ ነበር። አንዱ የጋሼ ነው። አንዱ የናኦድ።»

የሟቹ ቁልፍ ሱሪያቸው ኪስ ውስጥ፣ ውሃ ጠጥቶ ተገኝቷል።

«ናኦድ ማን ነው?»

«የወንድማቸው ልጅ። ሽያጩን እሱ ነው የሚይዘው። ዛሬ ጠዋት በአውሮፕላን ድሬዳዋ ሄዷል።»

«ጣቢያው ላይ ይውላል?»

ባህሪያ ከንፈሯን አጣመመች። «እሱ? ሽታው አይስማማውም። ሲመጣም ለምሳ ሰዓት ነው። እዚያ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ክላክስ ያደርጋል፤ ጋሼ ይወርዱለታል።»

ሟቹ ባደሩባት ክፍል ውስጥ ስልካቸው አልጋው ላይ ነበር። መጨረሻ የደወሉት አርብ ማታ ነው፤ «ሀቢቡላህ ድሬ» ይላል። ውብነሽ ቁጥሩን ወሰደች።

ሸኩር በየቡ ፖሊስ ጣቢያ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ስድሳን ያለፈ፣ ትልልቅ እጆች ያሉት ሰው ነው።

«አባባ፣ ምን ሊሠሩ ሄዱ?» አለችው።

«ውሃ። ልጣጩን ጅረቱ ውስጥ ይለቃሉ። ላሞቼ አፋቸውን አስገብተው ይመለሳሉ፣ አይጠጡም። ልነግረው ሄድኩ። ተጣራሁ፤ ሰው የለም። ዘበኛም የለም። ተሳድቤ ተመለስኩ።»

«ገንዳውን አላዩም?»

«ከበሩ አላለፍኩም። የሰው ግቢ ነው።»

«ከዚህ በፊት ዝተውባቸዋል ይባላል።»

«ኤዬ፣ አዎ። ገበያ መሃል ነው የዛትኩት። ‹ገንዳህ ውስጥ እከትሃለሁ› ብያለሁ። ወላሂ ብያለሁ፣ አልክድም።» ወደ እጆቹ አየ። «ማል ጎና፣ ምን ይደረጋል። አፍ ነው።»

«ያን ቀን ማን ሰማዎት?»

«ያልሰማ ማን አለ? ያ የወንድሙ ልጅ አጠገቡ ቆሞ ይስቅ ነበር።»

ስትወጣ የሸኩር ልጅ ሀዋ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ከአባቷና ከትናንሽ ወንድሞቿ በቀር ሌላ ሰው የላትም፤ እናታቸው ካረፈች ቆይቷል።

«ሰኞ ጅማ ወስደው ያስሩታል አሉኝ» አለች ሀዋ። «ዛሬ ወተታችንን የገዛን ሰው የለም። ነፍሰ ገዳይ ቤት ወተት አንገዛም አሉ። እሱ ከሄደ እኛ እዚህ አንኖርም፣ እትዬ። ማን ያኖረናል?»

«ዛሬ ቤትሽ ግቢ። በሩን ዝጊ። አኒስ ያደርስሻል።»

ተስፋ አልሰጠቻትም። መስጠት አልለመደችም።

እሑድ ከቀብሩ በኋላ ጅማ ለቅሶ ቤት ገባች። የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ንግስት ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ልጅ አልወለዱም፤ ናኦድን ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደጉት እነሱ ናቸው። ናኦድ በማለዳ በረራ ተመልሶ ለቀብሩ ደርሷል። ጥቁር ለብሶ ደረቱን እያሻሸ ከድንኳኑ ወጣ።

«ይቅርታ፣ ጥያቄ ጊዜ እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለች ውብነሽ።

«ይጠይቁኝ። እኔ እኮ... ምን ያህል ሩቅ እንደነበርኩ ሳስበው ነው የሚያመኝ።» ስልኩን አወጣና ካርታ ከፍቶ አሳያት። «ከጅማ ድሬዳዋ በመኪና ከስምንት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሁለት ቀን ይፈጃል። በአውሮፕላን ከጅማ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ያህል፣ ከአዲስ አበባ ድሬ ሌላ አንድ ሰዓት። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከዚህ ተነሳሁ። አዲስ አበባ ጠበቅኩ። ስድስት ሰዓት ላይ ከአዋሽ በላይ፣ ሰማይ ላይ ነበርኩ። ጋሼ እዚህ ሲገደል ለኔ ውሃ እያቀረቡልኝ ነበር።»

«የመሳፈሪያ ወረቀቶቹ አሉ?»

«ሁሉም አለ።» ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ተዘጋጅተው ነበር።

«ድሬዳዋ ምን ነበረዎት?»

«ማሽን ለማየት። ለጣቢያው።»

«ጣቢያው ለመጨረሻ ጊዜ የሄዱት መቼ ነው?»

«ከወር በላይ ሆኖኛል። በስልክ ነው የምንሠራው።»

ወረቀቶቹን መልሳ ሰጠችው፤ እውነተኛ ነበሩ። ከዚያ ወይዘሮ ንግስት አጠገብ ዝቅ ብላ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ናኦድ ቅዳሜ ከቤት ሲወጣ ሰምተውታል?»

«መኪናውን ሲያስነሳ ነው የነቃሁት። ገና ጨለማ ነበር፣ አዛን እንኳ አልተባለም። ‹አውሮፕላን ያመልጠኛል› ብሎኝ ነበር ማታ።»

ውጭ ሲወጡ አኒስ ሳቅ አለ። «አየር ማረፊያው እዚህ ከተማው ውስጥ ነው። እኔ ብሆን ቁርሴን በልቼ በእግሬ እደርሳለሁ።»

«እንሂድ በእግርህ።»

አየር ማረፊያው በዚያ ሰዓት ጭር ብሏል። መንገደኛ የምትፈትሸው ወጣት ጽዮናዊት የምትባል ነበረች፤ ጥፍሯን እየሞረደች ነበር። ውብነሽ የናኦድን ፎቶ አሳየቻት።

«ቅዳሜ ጠዋት ይህን ሰው ታስታውሺዋለሽ?»

ጽዮናዊት ፎቶውን አየችና ሞረዷን አስቀመጠች። «ይኼማ ጫማው ነው የማይረሳኝ። እዚህ ሁሉም ጫማ አውልቆ ነው የሚያልፈው፣ ያውቃሉ። ብዙ ሽታ እችላለሁ። የሱ ግን የኮመጠጠ የቡና ልጣጭ ነበር። ሱሪው እስከ ጉልበቱ እርጥብ ነው፤ ካልሲውም። ‹ጋሼ፣ ቡናውን በእግርዎ ነው የሚያጥቡት?› አልኩት። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ።»

«እሱስ?»

«አልሳቀም። ቆሞ አፈጠጠብኝ። እውነት ለመናገር ፈራሁት።»

ሰኞ ጠዋት ጉሙ ከጅረቱ ወጥቶ ጣቢያውን ሞልቶታል። ውብነሽ ሁሉንም በሦስቱ አልጋዎች ዙሪያ አቆመቻቸው። ወይዘሮ ንግስት ወንበር ተሰጣቸው። ናኦድ ከኋላቸው ቆመ፣ እጁ ትከሻቸው ላይ። ባህሪያና ሙርሺድ ጎን ለጎን፤ ሸኩር በካቴና በአኒስ አጠገብ። ሀዋ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ታያለች። ኮማንደሩ ፋይሉን ብብቱ ውስጥ ይዞ ሰዓቱን ደጋግሞ ይመለከታል። ከአልጋዎቹ ላይ የሻገተ ቡና ሽታ ይመጣል።

«አጭር ነው» አለች ውብነሽ። «አቶ ወልደሰማያት ቀትር ላይ በሕይወት ነበሩ ያልነው መረቡን አይተን ነው። ሌላ ምንም ምስክር የለንም። ባህሪያ፣ ማታ ላስቲክ ከማልበሳችሁ በፊት ቡናውን ምን ታደርጉታላችሁ?»

«መሃል ለመሃል እንከምረዋለን። እንዳይበርደው።»

«ጠዋትስ?»

«ላስቲኩን አንስተን እንበትነዋለን፣ ስስ አድርገን። እስኪሞቅ በእጅ እናገላብጠዋለን።»

«ቀትር ላይ መረብ ስታለብሱ መልሳችሁ ትከምሩታላችሁ?»

«ለምን? እንደተበተነ ነው የሚለብሰው።»

«ግለጪው።»

ባህሪያ መረቡን ያዘችና ገለጠችው። ክምሩ እንዳለ ነበር፤ ላዩ ነጭ ሻጋታ አውጥቷል። ባህሪያ ጎንበስ ብላ ክምሩን በጣቷ ነካች። «ያ ረቢ» አለች በዝግታ። «አልተበተነም። ቅዳሜ ጠዋት ማንም አልነካውም።»

«ቅዳሜ ስደርስም እንዲሁ ነበር፤ ፎቶው አለ። ከሥሩ የሌሊቱ እርጥበት አልወጣም። አቶ ወልደሰማያት ስንት ዓመት ቡና አደረቁ፣ እትዬ?»

«ዕድሜውን» አሉ ወይዘሮ ንግስት።

«ጠዋት ተነስተው ቡናውን ሳይበትኑ ዝም ብለው ቀትር ላይ ክምር ላይ መረብ አይጥሉም። ስለዚህ ጠዋቱን አላዩትም። ጎህ ሳይቀድ ተገድለዋል። የገደላቸው ሰው ላስቲኩን አንስቶ መረብ አለበሰ፤ የመጣ ሰው ሁሉ ቀትር ላይ በሕይወት ነበሩ እንዲል። ላስቲኩ ጤዛውን እንደተሸከመ ነበርና እርጥቡን አጣጥፎ መጋዘን ጣለው፣ ቆለፈበትም።»

ናኦድ እጁን ከወይዘሮ ንግስት ትከሻ ላይ አነሳ።

«እንግዲህ ማን ቀትርን ፈለገ?» አለች። «አባባ ሸኩር አልፈለጉትም። ቀትር እሳቸውን ነው ያሳሰራቸው፤ ቁልፍም የላቸውም። ባህሪያ ቁልፍ አላት፤ ግን ሌሊቱንም ቀኑንም ሰቃ በመቶ ሰው ፊት ነበረች። ሠራተኞቹም እንዲሁ። ለእነሱ የትኛውም ሰዓት አንድ ነው። የሟቹ ቁልፍ ከራሳቸው ጋር ገንዳ ውስጥ ነበር። የሚቀረው አንድ ቁልፍ ነው፤ ቀትር የሚያድነውም አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ናኦድ ዞሩ።

«እኔ ድሬዳዋ ነበርኩ» አለ ናኦድ። ድምፁ የተረጋጋ ነበር። «ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር። ወረቀቱን አሳይቼዎታለሁ።»

«አሳይተውኛል። አምኜዎታለሁም። ቀትር ላይ ሰማይ ላይ ነበሩ። ሩቅነቱን በደንብ አስልተው ነገሩኝ፤ እኔ ግን ከዚህ አየር ማረፊያ ምን ያህል እንደሚርቅ ነበር ማወቅ የፈለግኩት። በመኪና ቅርብ ነው። አዛን ሳይባል ከቤት የወጣ ሰው እዚህ መጥቶ፣ ሥራውን ጨርሶ፣ ለሁለት ሰዓት ተኩሉ በረራ ይደርሳል። ሦስት አልጋ ቡና ለመበተን ግን ጊዜ አይተርፈውም።»

«ጋሼ ራሱ ይሆናል ያለበሰው። በሌሊት ነቅቶ...»

«አሁን ባህሪያ የተናገረችውን ሰምተዋል።»

«ታዲያ ሌላ ሰው!»

«ቡና የሚያውቅ ሰው ክምሩን አይቶ ያፍራል፤ ቢያንስ ሊበትነው ይሞክራል። ይህን ያደረገው ቀትር ላይ ብቻ፣ ከመኪና ውስጥ ሆኖ አልጋዎቹን የሚያይ ሰው ነው። ከዚያ የሚታየው አረንጓዴው ብቻ ነው።» ወደ ጫማው ተመለከተች። «ከወር በላይ ጣቢያውን አልረገጥኩም ብለውኛል። ቅዳሜ ጠዋት አየር ማረፊያ ጫማዎን ሲያወልቁ ሱሪዎ እስከ ጉልበትዎ እርጥብ ነበር፣ ካልሲዎ ልጣጭ ይሸት ነበር። ፈታሿ ቀልዳብዎታለች። ሰልፉ ሁሉ ሰምቷል።»

ከገንዳው ጠርዝ ውሃ ይንጠባጠባል።

«ለምን?» አሉ ወይዘሮ ንግስት፣ ሳይዞሩ።

ውብነሽ ለእሳቸው መለሰችላቸው። «ጣቢያውን ሀቢቡላህ ለሚባል የድሬዳዋ ነጋዴ ሊሸጥ ተስማምቶ ነበር። ባለቤቱ አርጅተዋል፣ ውክልና ሰጥተውኛል ብሎ። ባለቤትዎ አርብ ማታ ደረሱበት። ለሰውየው ደውለው ‹ጣቢያዬ አይሸጥም፣ ነገ ልጁ ሲመጣ እንዳትቀበለው› አሉት። ትናንት ሰውየው ራሱ በስልክ ነገረኝ። ሀቢቡላህ ያን ማታውኑ ለናኦድ ደውሎለታል። ሸኩር ገበያ መሃል ስለ ገንዳው የዛቱትን ደግሞ ናኦድ አጠገባቸው ቆሞ ሰምቷል።»

«እኔ ልለምነው ነው የመጣሁት» አለ ናኦድ። አሁን ድምፁ ልጅ መስሏል። «በፋኖስ ውሃውን እያየ ነበር። ‹እዚህ የምትሠራው የለህም፣ ሽታውም አይስማማህም› አለኝ። ጀርባውን ሰጠኝ። እትዬ፣ ጀርባውን ሰጠኝ።»

ወይዘሮ ንግስት ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሱ። ሁለት እርምጃ ራቅ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ጉሙ አድርገው ቆሙ። አላለቀሱም። «ከዚህ ውሰዱልኝ» አሉ።

ኮማንደሩ ፋይሉን ከብብቱ አውጥቶ አገላበጠ፣ መልሶ ያዘው። አኒስ ካቴናውን ከሸኩር እጅ ፈትቶ ወደ ናኦድ ሄደ። ሙርሺድ ከሸኩር ፊት ደርሶ ትከሻውን ሳመው።

«ጠዋት ‹ገዳይ› ስትለኝ ነበር» አለ ሸኩር።

«አባባ፣ አፍ ነው።»

«ኤዬ። የኔም አፍ ነው ያሳሰረኝ። ዝም በል አሁን።»

ሀዋ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ መጣች። አባቷን አላቀፈችውም፤ እጁን ያዘችና ጣቶቹን አየች። ዛሬ ጠዋት ለፋይሉ አሻራ ስላስነሱት ዐሥሩም ጥቁር ነበሩ።

«እንዲህ ሆነህ ከተማ መሃል አታልፍም» አለችው።

ውብነሽ ከሠራተኞቹ ማዕድ ቤት ሳሙናና አንድ ጆግ ውሃ ይዛ መጣች። ሀዋ ልትቀበላት እጇን ስትዘረጋ ራሷን ነቀነቀች።

«አባባ፣ ጎንበስ ይበሉ።»

«አይገባም፣ ልጄ። አንቺ የመንግሥት ሰው ነሽ።»

«ጎንበስ ይበሉ።»

ሸኩር ጎንበስ አለ። እሷ አፈሰሰችለት። ቀለሙ መጀመሪያ አልለቀቀም፤ ሳሙናውን ደግሞ ደጋግሞ አሸ። ጥቁሩ ውሃ ሣሩ ላይ ወረደ፣ ከዚያ ግራጫ ሆነ፣ ከዚያ ጠራ። እጆቹን ወደ ላይ ይዞ ለልጁ አሳያት። ሀዋ አንድ በአንድ አየቻቸውና በሻርፗ ጫፍ አደረቀችለት።

ውብነሽ ጆጉን ደፍታ የቀረውን ጠብታ አራገፈች፣ ሳሙናውን ከላዩ አድርጋ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው።